ዝናሽ በረዶ ትሸጣለች

ኮምፒውተር ላይ ካሉት ሥዕሎች ሁሉ አንዷን እጠላታለሁ፤ ከላይ ጥግ ላይ ያለችውን፣ የጻፍነው እንዲቀመጥልን የምንነካትን ትንሽ ሰማያዊ ካሬ። ሳቢያን ሰፈር ባለችው ሱቄ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ የጠፋ ፋይል ፈልጌ አወጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወጣቶች አስተምራለሁ። ስለዚህ በቀን መቶ ጊዜ አያታለሁ። ባየኋት ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል፤ እሱ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ወር ተማሪዎቼን "ይቺ ምንድን ናት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ ሲም ካርድ ናት አለ። ዘካሪያ የሚባለው ቀልደኛ "ምንም ትሁን፣ ማን ይነካታል አቦ! አሁን እኮ ራሱ ነው የሚቀመጠው። ካልሆነም ለራሴ በቴሌግራም እልካለሁ፣ በቃ" አለ። ከኋላ የተቀመጠችው ሃምዳ እጇን አወጣችና "ፍሪጅ ናት፣ ቲቸር" አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። "ምን ያስቃችኋል? ነገር እንዳይበላሽ የሚቀመጥበት አይደል እንዴ?" ብላ ተቆጣች።

እኔ አልሳቅኩም። ማርከሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በረንዳው ላይ ወጣሁና ትንሽ ቆምኩ። ልጅቷ ሳታውቀው ልክ ነበረች። ያቺ ካሬ የዲስኬት፣ የድሮ ጽሑፍ ማስቀመጫ፣ ሥዕል ናት፤ የእናቴ ዲስኬት ደግሞ የምትቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ መሪያም ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ የጽሕፈት ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሳላሕ ይባላል፤ ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ኪሱ ከረሜላ የማያጣ ሰው። እናቴ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር የተሻገረች ጸሐፊ ስለነበረች ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። ሳላሕ ግን በሁለት ጣት ነበር የሚጽፈው፤ እስከ ዛሬም በሁለት ጣት ነው የሚጽፈው።

ኮምፒውተር ያለበት ክፍል በጫማ አይገባም ነበር። አቧራ ማሽኑን ይገድለዋል ይባላል። ደጃፉ ላይ የደንበኛው ሁሉ ጫማ ተደርድሮ፣ የማያውቅ ሰው ቢያይ መስጊድ ነው ይል ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስመጣ ሰማያዊ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ፣ በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሬ እየሄድኩ ከእናቴ ወንበር ሥር እቀመጣለሁ። ኮምፒውተሮቹ ባለ አበባ ጨርቅ ለብሰዋል። ማራገቢያው ይዞራል። ዲስኬቷ ማሽኑ ውስጥ ስትገባ ግርር የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ እኔ ወረቀት የሚያኝክ ይመስለኝ ነበር።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ከተማው በሙቀቱ የተነሳ ይዘጋል። ሳላሕ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ሊቅም በርጫ ላይ ይቀመጣል። በነዚያ ሦስት ሰዓቶች እናቴ የራሷን ነገር ትጽፍ ነበር፤ አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ ለሚማሩ ሰዎች የሚሆን የልምምድ መጽሐፍ። ጣት እንዲፍታታ ብላ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ትፈጥራለች፤ የምትፈጥረው ደግሞ ከግቢያችን ነው። "ፊርዶስ ቂጣ በማር በላች።" ፊርዶስ እኔ ነኝ። "ሙመድ መኪናውን ሁርሶ ላይ አቁሞ ተኛ።" ሙመድ አባቴ ነው፤ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለነበረ በወር አንዴ ነው የምናየው። ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ደግሞ "ዝናሽ በረዶ ትሸጣለች፤ ሰው ግን አትሸጥም" የሚል ነበር።

እትዬ ዝናሽ ገንደቆሬ ሰፈር ውስጥ ከኛ ቤት ሦስተኛዋ ጎረቤት ናት። ባሏ የባቡር ጡረተኛ ነበር፤ ከጅቡቲ ያመጣው ፍሪጅ ሰፈሩን ሁሉ ያጠጣል። በፌስታል የቋጠረችውን ውሃ አበርዳ፣ ድንጋይ ሲሆን ለጭማቂ ቤቶችና ለጎረቤት ትሸጣለች። እናቴና እሷ እንደ እህትማማች ነበሩ። ዒድ ሲሆን ዝናሽ እኛ ቤት ትውላለች፣ ፋሲካ ሲሆን እኛ እሷ ቤት እንውላለን፤ እናቴ የምትበላውን ዶሮ አባቴ ባርኮ ካላረደላት ዝናሽ ራሷ ሙስሊም ሰው ፈልጋ ታሳርድላታለች።

ቤታችን ቆርቆሮ ነው፤ ግንቦት ላይ ሻማ ቆሞ አያድርም፣ ይጎብጣል። እናቴ ዲስኬቷ እንዳትቀልጥባት ስለፈራች ጨርቅ ጠቅልላ፣ በፌስታል አስራ ዝናሽ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት። ሥራዋን በጨረሰች ቁጥር አብሬያት እሄዳለሁ። ሁለታችንም ከልማድ የተነሳ ጫማችንን ደጃፉ ላይ እናወልቃለን። "ቤቴን ኮምፒውተር ቤት አደረጋችሁት እኮ!" እያለች ዝናሽ ትስቃለች። "እሱን ተዪና ፀሐይ እንዳታይብኝ" ትላታለች እናቴ። "ፀሐይ ካየች አለቀላት።"

በዓመቱ መጽሐፉ ወጣ። አረንጓዴ ሽፋን ነበረው። "አዘጋጅ፦ ሳላሕ" ይላል።

እናቴ መጽሐፉን ይዛ ጽሕፈት ቤቱ ስትገባ ጫማዋን አላወለቀችም። ይህን ነው አጥርቼ የማስታውሰው፤ ጥቁሩ ጫማዋ ሲሚንቶው ላይ ቋ ቋ ሲል። ደንበኞቹ ሁሉ ዞሩ። ሳላሕ እየሳቀ "ምን ሆነሻል፣ ያ መሪያም? የቤቱ ማሽን ላይ የተጻፈ የቤቱ ነው" አላት።

"ማሽኑን ክፈተውና ቀኑን እንየው" አለችው።

"ማሽኑ ተበላሽቶ ሁሉም ተደልቶ ጠፍቷል። ፈለግን፣ አልተገኘም።"

"የኔ ዲስኬት አለኝ! የተጻፈበትን ቀን ራሷ ትናገራለች። እሁድ ሽማግሌ ፊት እንገናኛለን።"

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እኔ እናቴ ያሸነፈች መሰለኝ፤ ከረሜላዬን እያላመጥኩ፣ አዎ፣ የሱን ከረሜላ፣ ኮርቼ ተከትያት ወጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳላሕ የዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር። "ካሌ፣ ፊርዶስ፣ ነዪ" ብሎ ጠራኝ። "እናትሽ ተቆጥታ ነው፤ እንታረቃለን ኢንሻአላህ። ያቺ ዲስኬት ግን አሳሰበችኝ። በዚህ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስቀምጣት ትቀልጥባታለች እኮ። እንዴት አታስብም?"

እናቴ እንደማታስብ ሰው መታየቷ አናደደኝ። "ኡሚ ሞኝ አይደለችም! ዝናሽ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያስቀመጠቻት!" አልኩት። ራሴን ነካ አድርጎ ሁለት ከረሜላ ሰጠኝ። ያን ቀን ለእናቴ ጠበቃ የቆምኩላት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ትምህርት አልነበረም። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ሳላሕ ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ይዞ እትዬ ዝናሽ ቤት ገባ። በጓሮ ዞሬ መስኮቱ ሥር ተጠጋሁ። የፍሪጁ ሞተር እያጉረመረመ ስለነበር ንግግራቸው ተቆራርጦ ነው የሰማሁት።

"አዲስ ፍሪጅ ነው፣ ትልቅ" ይላል ሳላሕ። "ነገ ጠዋት በጋሪ ደጅሽ ድረስ..."

"እኔ ጋ እንዳለች ማን ነገረህ?" ትላለች ዝናሽ።

"የቤቱ ሰው።"

ሞተሩ አጉረመረመ። ከዚያ "ድምፅህን ቀንስ፣ ሰው ይሰማል" አለችው። ቀጥላ ያልሰማሁትን ነገር ተናገረችና በመጨረሻ "ይሄን ነገር ለመሪያምም አልነግራትም። በል ሂድ" ስትል ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ሳላሕ ያለ ብርቱካኑ ወጣ።

ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? አዲስ ፍሪጅ። ብርቱካን። "ለመሪያምም አልነግራትም።" ዲስኬቷ ተሸጣለች ብዬ ደመደምኩ። ያልሰማሁት መሀል ላይ ያለውን ነበር። ብርቱካኑ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ተመልሶለታል። "የቤቱ ሰው" ማን እንደሆነ ዝናሽ ወዲያው ገብቷታል፤ ለእናቴ አልነግራትም ያለችው እኔን እንዳትገርፈኝ ብላ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ያን ቀን ግን ለእናቴ ልነግራት አልፈለግሁም። ራሴ ልበቀላት ነው የፈለግሁት። እትዬ ዝናሽ በጣም የምትወደው ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ። በረዶዋን ነው። እናቴን ካስለቀሰቻት እኔም በረዶዋን አስለቅስባታለሁ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰፈሩ በሙሉ ተኛ። ውሻው እንኳ ቦይ ውስጥ ተዘርግቷል። የእትዬ ዝናሽ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ደጃፉ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ለምን እንዳወለቅሁ አላሰብኩበትም፤ ወደዚያ ፍሪጅ በጫማ ሄጄ አላውቅም፣ እግሬ ራሱ አወለቀው። እትዬ ዝናሽ ምንጣፍ ላይ በጎኗ ተኝታ ታንኮራፋለች። ሶኬቱን ነቀልኩት። ማጉረምረሙ ቀጥ ሲል ቤቱ ጭር አለ። ከዚያ የፍሪጁን ሁለቱንም በሮች፣ የላዩንም የታቹንም፣ ብርግድ አድርጌ ከፈትኩ። ቅዝቃዜው እግሬ ላይ ፈሰሰ። ታች ያለውን ፌስታል አላየሁትም፤ ብዙ ፌስታል አለ፣ ደግሞም የኛዋ ተሸጣለች ብዬ ነበርና አልፈለግኋትም።

ዝናሽ ተገላበጠች። እኔ ሮጥኩ። መንገዱ እንደ ምጣድ ግሎ እግሬን ሲያቃጥለኝ ነው ጫማዬን መርሳቴን ያወቅሁት። አልተመለስኩም። ቤት ገብቼ የውሃ ባልዲ ውስጥ እግሬን ነክሬ ተቀመጥኩ፤ ያቃጥለኛል፣ ደግሞ ደስ ይለኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ትንሽ ነው። አሁን ስጽፈው እንኳ ደስታው ትዝ ይለኛል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናቴ ለእሁድ ዲስኬቷን ልታመጣ ሄደች። ተከተልኳት። የዝናሽ ቤት ወለል በውሃ ርሷል። ዝናሽ ጨርቅ በእጇ ይዛ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ዲስኬቷ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። እዚያ መኖሯን ሳይ የማደርገው ጠፋኝ። ተሸጣለች ያልኳት ዲስኬት ጎብጣ፣ ጥጓ ወደ ላይ ተቀልብሶ ተቀምጣለች።

"መሪያሜ፣ መብራት ጠፍቶ ነው" አለች ዝናሽ። "በረዶው ቀልጦ ፌስታሉ ውስጥ ገባ። ቶሎ ትድረቅ ብዬ ግድግዳው ላይ አሰጣኋት። ደንግጬ ነው፣ አላሰብኩም።"

"ፀሐይ ላይ?" አለች እናቴ።

"ደንግጬ ነው አልኩሽ።"

"መብራት ጠፍቶ ነው አልሽ?" የእናቴ ድምፅ ቀስ ያለ ነበር። "የኔ ማራገቢያ ከጠዋት ጀምሮ ሲዞር ነው የዋለው። የማንም ቤት መብራት አልጠፋም።"

ዝናሽ እኔን አየችኝ። ከዚያ ባዶ እግሬን አየችው። አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ከእግሬ ላይ አንስታ "የኔ ቤት ጠፍቶ ነበር" አለች።

"ሳላሕ ስንት ሰጠሽ?" አለቻት እናቴ።

ዝናሽ ጎንበስ ብላ ወለሉን ወለወለች። እናቴ ዲስኬቷን ይዛ ወጣች። ያኔውኑ ሌላ ጽሕፈት ቤት አስከፍታ ሞከረቻት፤ ማሽኑ ግርር፣ ግርር ብሎ መልሶ ተፋት። እሁድ ሽማግሌዎቹ ፊት ባዶ እጇን ቀረበች። ሳላሕ መሐላ አልፈራም። ሽማግሌዎቹ "ማስረጃ ከሌለሽ ምን እናድርግልሽ፣ ልጄ?" አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ቁልፍ ነክታ አታውቅም። ቀፊራ ገበያ ገብታ ጨርቅ ሸጠች። ሳላሕ በመጽሐፉ ማሰልጠኛ ከፈተ፣ ሁለተኛ ፎቅ ጨመረ፣ ሐጅ ሄደ።

እናቴ ዝናሽን ስታይ መንገድ ትሻገር ነበር። ዒድም መጣ፣ ፋሲካም መጣ፤ ሦስት ቤት ርቀት ላይ ሆነው ሰላም ሳይባባሉ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሩ።

ጫማዬ እሁድ ጠዋት ደጃችን ላይ ነበር፣ ታጥቦ፣ ሁለቱም እግር ጎን ለጎን ተደርጎ። ጂን ነው ያመጣው ብዬ ሳምንት ሙሉ አላደረግሁትም።

ከአምስት ዓመት በፊት እትዬ ዝናሽ ስልኳ ተቆልፎባት ሱቄ መጣች። ስልኩን ከፍቼ ሰጠኋት። ልትሄድ ስትል ደጃፉ ላይ ዞር ብላ "ጫማሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ጂን ነው እያልሽ እንዳትፈሪ" አለችኝና ሳቀች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። "ለምን ለእናቴ አልነገርሻትም?" አልኳት። "በዚያ ንዴቷ ብነግራት ትገድልሽ ነበር። በኋላ ደግሞ መሸ። አሁን አንቺ ታውቂያለሽ፣ አንቺ ንገሪያት" አለችኝ።

አልነገርኳትም። አምስት ዓመት ሙሉ አልነገርኳትም። ሳላሕን መጥላት ይሻለኝ ነበር፤ የሱ ጥፋት ትልቅ ስለሆነ ከኋላው መደበቅ ይቻላል። በአልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስንት ዓይነት በቀል አስቤለታለሁ! አንዳንዱን ለሰው ብናገር ያሳስረኛል።

ከዚያ ባለፈው ማክሰኞ እሱ ራሱ በእግሩ መጣ።

አርጅቷል። ከዘራ ይዟል፤ ሸሚዙ ግን አሁንም ተተኩሷል። አላወቀኝም። ላፕቶፑን እንደ ታመመ ሕፃን አቅፎ ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። "አልከፈት አለኝ፣ ልጄ። አዲሱ እትም እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ሰኞ ማተሚያ ቤት ካላስገባሁ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጥብኛል።"

"ሌላ ቦታ አላስቀመጥከውም? ኢሜይል ላይ? ፍላሽ ላይ?"

"የለም።"

"ለራስህ በቴሌግራም እንኳ አልላክህም? ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።"

"እኔ የኔን ነገር ሰው ጋ አላስቀምጥም" አለኝ። "የሰው ነገር አይታመንም።"

በፈገግታ ተቀበልኩት። "ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና" አልኩት።

ሐሙስ ከተማው ሲዘጋ በሬን ቆልፌ ተቀመጥኩ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ፣ እናቴ የጻፈችባቸው ሰዓቶች። ፋይሉ ተገኘ፤ ቀላል ነበር። ከፈትኩት። ሽፋኑ ላይ ያው ነው፤ "አዘጋጅ፦ ሐጂ ሳላሕ"። ገጾቹን አገላበጥኩ። አንዲት ቃል አልቀየረም! ፊርዶስ አሁንም ቂጣ በማር ትበላለች። አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እዚያ ግን አሁንም መኪናውን ሁርሶ ላይ አቁሞ ተኝቷል። ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ መጽሐፍ ሲበላ አንዴም ከሽፋኑ አልፎ አላነበበውም።

ልደልተው ጣቴ ተነስቶ ነበር። "ፈለግን፣ አልተገኘም" ልለው፣ ፊቱ ሲጠቁር ቁጭ ብዬ ላየው። ግን የምደልተው የእናቴን ሥራ ነው። በበቀል አንዴ አጥፍቼዋለሁ፣ ሁለተኛ አላደርገውም። የሱን ስም አጥፍቼ የእሷን ጻፍኩ። ከዚያ ያቺን የምጠላትን ካሬ ነካሁ። ፋይሉን ማንም መለወጥ እንዳይችል ቆለፍኩት፤ ለራሴ በቴሌግራም፣ በኢሜይል፣ በሁለት ፍላሽ አስቀመጥኩ። የሰው አደራ ነክተሻል የሚለኝ ካለ ይበለኝ፤ ግድ የለኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳላሕ መጣ። የታተመውን ሽፋን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት። መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ። ደጋግሞ አነበበ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ያንተ ስም ያለበት ተፈልጎ ነበር። አልተገኘም" አልኩት። "የተገኘው ይሄ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "የማን ልጅ ነሽ?"

"ገጽ አሥራ አንድ፣ ሁለተኛው መስመር። 'ፊርዶስ ቂጣ በማር በላች።' እኔ ነኝ።"

ከዘራው ከእጁ ወደቀ። እንዳነሳለት ጠበቀ፤ አላነሳሁለትም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስንት ዓመት ያለምኩት ፊት ይሄ ነበር፤ ጠግቤ አየሁት።

"በዚህ ስም ካላሳተምክ ሰኞ ባዶ እጅህን ነህ። እናቴ ያን እሁድ እንደሄደችው" አልኩት።

"ይሁን" አለ በመጨረሻ። ድምፁ የደከመ ነበር። "እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ? ያን እሁድ ዲስኬቷን ብታመጣት ኖሮ ያኔውኑ አልቆልኝ ነበር። ሌሊቱን አልተኛሁም። ያቺ በረዶ ሻጭ ፍሪጅ ልግዛልሽ ብላት አባረረችኝ፤ ብርቱካኔን ሳይቀር መለሰችልኝ። በቃ ጠፋሁ ብዬ ነበር። እናትሽ ባዶ እጇን ስትገባ ሳይ ወላሂ እንባዬ መጣ።" ጎንበስ ብሎ ከዘራውን ራሱ አነሳ። "ማን እንዳበላሸልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ማንም ይሁን፣ በየጁምዓው ዱዓ አደርግለታለሁ። 'ያ አላህ፣ ለዚያ ሰው ዕድሜ ስጠው፣ ክፉ አይንካው' እላለሁ። አንድም ጁምዓ አልዘለልኩም።"

ላፕቶፑንና ፍላሹን ሰጠሁት፣ ወጣ። ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ፣ ሱቄን ያለ ሰዓቱ የዘጋሁትም እኔ ነበርኩ።

አሥር ሰዓት ላይ በባጃጅ ገንደቆሬ ሄድኩ። እናቴ ማራገቢያው ሥር ተቀምጣለች። ያተምኩትን ሁሉ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ስሟን አየች። በጣቷ ዳሰሰችው፣ እንደ ዓይነ ስውር። "ሳላሕ አውቆ ነው?" አለች። "አውቆ ነው" አልኳት። ሳቀች፤ ያን ሳቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አልሰማሁትም። ገጾቹን ማገላበጥ ጀመረች። ፊርዶስን አነበበች። አባቴን አነበበችና "አይ ሙመድ" አለች። ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"ይሄን አውጪልኝ" አለች።

"የትኛውን?"

"የዝናሽን። ሰው አትሸጥም ይላል። እኔን ሸጣኛለች። በኔ ስም በሚወጣ መጽሐፍ ውስጥ ውሸት አይኖርም።"

ማራገቢያው ዞረ። አንዴ መሰረዝ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ያቺን ካሬ መንካት ነው፣ በቃ።

"ኡሚ" አልኳት። "ፍሪጁን የነቀልኩት እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳት፤ ከረሜላውን፣ የዛፉን ጥላ፣ መስኮቱን፣ ሶኬቱን፣ የታጠበውን ጫማ። ዝናሽ ዓይኗን ከእግሬ ላይ እንዴት እንዳነሳች ነገርኳት። አምስት ዓመት አውቄ ዝም ማለቴንም ነገርኳት። እናቴ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወረቀቶቹን አስተካክላ ሰበሰበች፣ ገጽ ሃያ ሦስትን ብቻ ለየች።

"ጫማዬን አምጪልኝ" አለች።

አመጣሁላት። ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ልከተላት ስል ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። "አንቺ እዚሁ ቆዪ። ያንቺን በኋላ አየዋለሁ።"

በር ላይ ቆሜ አየኋት። አንድ ቤት አለፈች፣ ሁለት ቤት አለፈች። የእትዬ ዝናሽ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ገባችም። እስኪመሽ ጠበቅኋት። ከዚያ ቤት ለቅሶም ሳቅም ተሰማኝ፤ "ፊርዶስን ጥሯት" የሚል ግን አልተሰማም።

ነገ ጁምዓ ነው። ከሰው ሁሉ መሀል ሳላሕ ብቻ ዱዓ ያደርግልኛል።